የሥራ ሰንሰለት መቈጣጠሪያ ገጽ ስለ ምን ይዘገያል?

በአስመጪነትና በላኪነት፣ በጅምላ ንግድና በማጓጓዣ ሥራ ከተሰማሩት ድርጅቶች አንዳንዶቹ የዕለት ሒሳባቸውን፣ የመጋዘን ቈጠራቸውንና የዋጋ መግለጫቸውን በእጅ ማሰናዳት ትተው፣ በተወሰነለት ሰዓት ራሱ ተነሥቶ ሥራውን የሚያከናውን ሶፍትዌር አቁመዋል። ይህ ሶፍትዌር ከባንክ የመጣውን የሒሳብ መግለጫ ከሽያጭ መዝገብ ጋር ያስተያያል፤ የጐደለውን ይለያል፤ የተስተካከለውን ወደ ሒሳብ ክፍል ያስተላልፋል፤ በመጨረሻም ለሥራ አስኪያጁ አንድ አጭር መግለጫ ያቀርባል። እያንዳንዱ ተግባር ከእርሱ በፊት ያለው ሳይፈጸም ስለማይጀምር፣ መላው ሥራ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው። የቢሮው ሠራተኛ ይህን ሰንሰለት የሚቈጣጠረው በብራውዘር በሚከፈት ገጽ ሲሆን፣ የተፈጸመው ተግባር በአረንጓዴ፣ የወደቀው በቀይ ቀለም ይታየዋል።

ችግሩ የሚነሣው ይህ ገጽ መዘግየት ሲጀምር ነው። ሥራው በተጀመረ ጊዜ በአንድ ሴኮንድ ይከፈት የነበረው ገጽ እያደር አምስት፣ ከዚያም አልፎ ሃያ ሴኮንድ የሚፈጅ ሲሆን፣ ሠራተኛው ትዕግሥት ያጣል፤ ትዕግሥት ማጣቱም ገንዘብ ያስከፍላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ላኪ ድርጅት ለቡና አቅራቢዎቹ የሚከፍለውን ገንዘብ ዝርዝር በዚህ ሰንሰለት አማካይነት ወደ ባንኩ የሚልክ ቢሆን፣ ሠራተኛው ማስጀመሪያውን ቁልፍ ይጫናል፤ ገጹ ዝም ይላል፤ ትእዛዙ ያልተሰማ መስሎት ሁለተኛ ይጫናል። ሶፍትዌሩ ግን ሁለቱንም ትእዛዝ ተቀብሎ ሁለት የተለያዩ ዙሮች አድርጎ ይመዘግባቸዋል፤ የክፍያውም ዝርዝር ሁለት ጊዜ ይላካል። ስለዚህ የገጹ መዘግየት የምቾት ጉዳይ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ለዚህ ማብራሪያ በምሳሌነት የሚወሰደው አፓቺ ኤርፍሎው የተባለው ሶፍትዌር ነው። ይህ ሶፍትዌር በአውሮፓ አቆጣጠር በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. ኤርቢኤንድቢ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ ማክሲም ቦሽሜን በተባለ መሐንዲስ ተጀመረ። በ2016 ዓ.ም. ወደ አፓቺ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ገብቶ በሙከራ ላይ ከቆየ በኋላ፣ በ2019 ዓ.ም. ሙሉ የፋውንዴሽኑ ፕሮጀክት ለመሆን በቃ። ሁለተኛው ትውልዱ በታኅሣሥ 2020 ዓ.ም.፣ ሦስተኛው ደግሞ በሚያዝያ 2025 ዓ.ም. ወጣ። ያለ ክፍያ የሚገኝ ስለሆነ አነስተኛ ድርጅቶችም ሊተክሉት ይችላሉ፤ ነገር ግን ያለ ክፍያ ተገኘ ማለት ያለ ጠባቂ ይኖራል ማለት አለመሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ከገጹ በስተጀርባ ምን እንዳለ ያላወቀ ሰው ጥፋቱን ሁሉ በኢንተርኔቱ ላይ ያሳብባል። እንደ እውነቱ ከሆነ አንድ ገጽ እንዲከፈት ጥያቄው ከሠራተኛው ኮምፒዩተር ተነሥቶ በመስመር ይጓዛል፤ ዌብ ሰርቨር የሚባለው ክፍል ይቀበለዋል፤ ዌብ ሰርቨሩም የየተግባሩን ሁኔታ በራሱ ዘንድ ስለማያስቀምጥ ወደ ዳታቤዙ ሄዶ ያነባል፤ ያነበበውን አሰናድቶ ይመልሳል፤ በመጨረሻ ብራውዘሩ የመጣለትን መልስ በሥዕል መልክ ይዘረጋዋል። ከእነዚህ ሌላ ስኬጁለር የሚባል ክፍል አለ፤ የእርሱ ሥራ ሰዓት ጠብቆ ተግባሮቹን ማስጀመር ነው። ተግባሮቹን የሚፈጽሙት ደግሞ ሌሎች ፕሮግራሞች ናቸው። ዌብ ሰርቨሩ እንደ ባንክ መስኮት ጸሐፊ፣ ዳታቤዙ እንደ መዝገብ ቤት፣ ስኬጁለሩ እንደ ሥራ ተቈጣጣሪ ቢቈጠሩ ስሕተት አይሆንም። በመስኮቱ ፊት የቆመው ባለ ጉዳይ ጸሐፊውን ሰነፍ ነው ይላል፤ ጸሐፊው ግን ምናልባት መዝገብ ቤቱ ፋይል እስኪያመጣለት የሚጠብቅ ይሆናል።

እንግዲህ በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት የዘገየው ገጹ ነው ወይስ ሥራው ራሱ የሚለው ነው። እነዚህ ሁለቱ በብዙ ቢሮ ይደባለቃሉ። በሁለተኛው ትውልድ ኤርፍሎው ዌብ ሰርቨሩ ጨርሶ ቢዘጋ እንኳ ስኬጁለሩ ተግባሮቹን ማስጀመሩን አይተውም፤ ስለዚህ ገጹ ሃያ ሴኮንድ እየፈጀ ሥራው በደቂቃው ሊፈጸም ይችላል። በሦስተኛው ትውልድ ነገሩ ተለውጧል። ተግባሮቹ ዳታቤዙን በቀጥታ መንካታቸው ቀርቶ ገጹን በሚያቀርበው ሰርቨር በኩል እንዲጠይቁ ስለተደረገ፣ የዚህ ሰርቨር መጨናነቅ ወደ ሥራውም ሊተላለፍ ይችላል። የሁለቱን ልዩነት ለማየት የአንድን ተግባር የመጀመሪያና የመጨረሻ ሰዓት ከወር በፊት ከነበረው ጋር ማስተያየት ይበቃል። ተግባሩ እንደ ቀድሞው አራት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ከሆነ ሥራው ጤነኛ ነው፤ መመርመር ያለበት ገጹ ነው።

በዚህ ላይ በኢትዮጵያ ውስጥ በተለይ የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ኤርፍሎው እንደ ተተከለ ሰዓቱን የሚያሳየው ዩቲሲ በተባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚህ ሰዓት በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ከጧቱ በ2 ሰዓት የተፈጸመ ሥራ በገጹ ላይ 5 ሰዓት ተብሎ ይጻፋል። የአገሩን ሰዓት የለመደው ሠራተኛ ይህን አይቶ ሥራው 3 ሰዓት ዘግይቷል ብሎ አቤት ቢል አይፈረድበትም። በገጹ ላይ ያለውን የሰዓት ምርጫ ወደ አዲስ አበባ ማዞር ይህን አቤቱታ ያስቀራል፤ ከስድስት ሰዓቱ የአቆጣጠር ልዩነት ግን ሠራተኛው ራሱ መጠንቀቅ ይኖርበታል።

ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ገንዘብ የሚነኩት ሰንሰለቶች ጥበቃ ሊደረግላቸው ይገባል። ኤርፍሎው አንድ ሰንሰለት በአንድ ጊዜ እስከ 16 ዙር እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ ይህ ልክ ካልተለወጠ፣ ሁለት ጊዜ የተጫነው ቁልፍ ሁለት ዙሮችን ጐን ለጐን ሊያስኬድ ይችላል ማለት ነው። ልኩን ወደ 1 ዝቅ ማድረግ ሁለተኛውን ዙር ያስጠብቀዋል እንጂ አያስቀረውም። ሙሉ ጥበቃ የሚገኘው ክፍያውን የሚልከው ተግባር የእያንዳንዱን ደረሰኝ ቍጥር አስቀድሞ መርምሮ፣ የተከፈለበትን የሚዘል ሆኖ ሲሠራ ብቻ ነው። ይህ የገጹ ፍጥነት ከሚስተካከልበት ሥራ ይልቅ ቀድሞ መደረግ ያለበት ነው፤ ፈጣን ገጽ ያለው ቢሮም ቢሆን እጁ የሚቸኩል ሠራተኛ አያጣም።

ከዚህ በኋላ መዘግየቱ ከየት እንደሚመጣ መለካት ነው። መለኪያው በየብራውዘሩ ውስጥ አለ። በብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች ኤፍ 12 የተባለው ቁልፍ ሲጫን የባለሙያ መመርመሪያ ይከፈታል፤ በእርሱም ውስጥ ኔትወርክ በሚለው ክፍል ገጹ የላካቸው ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው የፈጁት ጊዜ ተዘርዝሮ ይገኛል። አንዱን ጥያቄ መርጦ ዝርዝሩን ሲመለከቱት ጊዜው ለሁለት ተከፍሎ ይታያል፤ ይኸውም የመጀመሪያው መልስ እስኪመጣ የተጠበቀበትና መልሱ እስኪወርድ የፈጀው ነው። የመጠበቂያው ጊዜ ረዥም ከሆነ ጥፋቱ ከሰርቨሩ ወይም ከዳታቤዙ፣ አለዚያም ከመንገዱ ርቀት ነው። መልሱ ለመውረድ ረዥም ጊዜ ከፈጀ መስመሩ ጠባብ ነው፤ ወይም የተላከው መልስ ከልክ በላይ ትልቅ ነው። ሁለቱም አጭር ሆነው ሳለ ገጹ ቢፈዝ ጥፋቱ በሠራተኛው ኮምፒዩተር ላይ ነው።

ይህ የመጨረሻው በጣም የበዛ አይደለም፤ ቢሆንም ያጋጥማል። በብራውዘሩ ላይ የተለጠፉ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ገጹን ሊያዘገዩት ስለሚችሉ፣ እነርሱ በማይሠሩበት በግል መስኮት ከፍቶ ማየት ቀላሉ ፈተና ነው። ከዚያ በላይ የሚከብደው የሰንሰለቱ መብዛት ነው። 400 ተግባሮች ያሉት አንድ ሰንሰለት በገጹ ላይ ከ25 ዙሮች ጋር ሲዘረጋ ብራውዘሩ 10,000 ትንንሽ አራት ማዕዘኖችን መሣል ይኖርበታል። የሚታዩት ዙሮች ወደ 5 ሲቀነሱ ቍጥሩ 2,000 ይሆናል። የዕለቱን ሥራ ለሚጠብቅ ሠራተኛ አምስት ዙር ከበቂ በላይ ነው።

ስለ መንገዱ ርቀት ደግሞ ጥቂት ስሌት ያስፈልጋል። ሰርቨራቸውን በውጭ አገር የተከራዩ ድርጅቶች ርቀቱን እንደሌለ አድርገው ይቈጥሩታል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በአየር መሥመር ብቻ ከ5,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በመስተዋት ገመድ ውስጥ በሴኮንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ደርሶ መልሱ ከ53 ሚሊ ሴኮንድ በታች ሊሆን ፈጽሞ አይችልም፤ ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ በጎረቤት አገር በኩል ወደ ባሕር ሥር ገመድ ስለሚደርስ፣ በተግባር ከዚህ ይረዝማል። አንድ አዲስ ግንኙነት ደግሞ የመጀመሪያውን መልስ ከማግኘቱ በፊት አንድ ደርሶ መልስ ለመገናኘት፣ አንድ ወይም ሁለት ለምስጢራዊ ቍልፉ፣ አንድ ለጥያቄው ያስፈልገዋል። ገጹ አንዱ ሲመለስ ሌላውን እያስከተለ 20 ጥያቄዎችን ተራ በተራ የሚልክ ከሆነ፣ በመንገድ ላይ ብቻ ከአንድ ሴኮንድ በላይ ያልፋል። ይህን ማንም መሐንዲስ ሊቀንሰው አይችልም፤ የሚቀነሰው የጥያቄዎቹ ቍጥር ነው። ይሁንና ሃያ ሴኮንድ የሚፈጅ ገጽ ያለው ቢሮ ርቀቱን ሊወቅስ አይገባውም፤ በዚህ ስሌት እንደሚታየው ርቀቱ የሚያስከትለው ጥቂቱን ብቻ ነው። ማረጋገጫውም ቀላል ነው። ሰርቨሩ ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ሆኖ ያንኑ ገጽ መጠየቅ ነው፤ እዚያም ቢዘገይ መንገዱ ነጻ ወጣ።

ዌብ ሰርቨሩ ጋ ሲደረስ የሚገኘው የወረፋ ጉዳይ ነው። በሁለተኛው ትውልድ ኤርፍሎው ዌብ ሰርቨሩ እንደ ተተከለ አራት አስተናጋጆች ብቻ አሉት፤ እያንዳንዱም በአንድ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ያስተናግዳል። የሰንሰለቱን ሁኔታ የሚያሳየው ገጽ ደግሞ ሥራ በመካሄድ ላይ ሳለ ማንም ሳይነካው በየ3 ሴኮንዱ አዲስ ጥያቄ ይልካል። አሥር ሠራተኞች ገጹን በፊታቸው ከፍተው ቢቀመጡ በሴኮንድ ከሦስት በላይ ጥያቄዎች ይመጣሉ። ዳታቤዙ ፈጣን ሆኖ እያንዳንዱ ጥያቄ በአንድ አሥረኛ ሴኮንድ ቢመለስ ከአራቱ አንዱ አስተናጋጅ እንኳ ይበቃል። ዳታቤዙ ደክሞ እያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ሴኮንድ የሚፈጅ ሲሆን ግን ከስድስት በላይ አስተናጋጆች ያስፈልጋሉ፤ ያሉት አራት ናቸው። ያን ጊዜ ወረፋ ይፈጠራል፤ የመጨረሻው ባለ ጉዳይ የእርሱ ጥያቄ ቀላል ቢሆንም የፊተኞቹን ይጠብቃል። ገጹ በምሳ ሰዓት ፈጣን፣ በሥራ መግቢያ ሰዓት ዘገምተኛ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል።

በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚያደርጉት አስተናጋጆቹን መጨመር ነው። ይህ አንዳንድ ጊዜ ይረዳል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ችግሩን ወደ መዝገብ ቤቱ ያጋፋዋል። እያንዳንዱ አስተናጋጅ እስከ 15 የሚደርስ የዳታቤዝ ግንኙነት ሊከፍት ይችላል፤ አራቱ በድምሩ 60 ማለት ነው። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ልኩ ካልተለወጠ የሚቀበለው 100 ግንኙነት ብቻ ሲሆን፣ ስኬጁለሩና በሁለተኛው ትውልድ እያንዳንዱ የሚሠራ ተግባር ከዚሁ ይካፈላሉ። አስተናጋጆቹ ስምንት ቢደረጉ ገጹ መቶውን ግንኙነት ብቻውን ሊጨርሰው ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚወድቁት ክፍያ ላኪዎቹ ተግባሮች ይሆናሉ። ለዚህ ነው ግንኙነቶቹን በመካከል ሆኖ የሚያከፋፍል ፒጂባውንሰር የተባለ ፕሮግራም ከፖስትግሬስ ጋር አብሮ እንዲተከል የሚመከረው። ገጹን በየ3 ሴኮንዱ ከማደስ ይልቅ በየ15 ወይም በየ30 ሴኮንዱ እንዲያድስ ማድረግ ግን ምንም ሳያስወጣ ጫናውን በብዙ እጥፍ ያቀልለዋል፤ በሰዓት አንድ ጊዜ የሚሠራን ሰንሰለት በየ3 ሴኮንዱ መመልከት ምን እንደሚጠቅም ለማወቅ ያስቸግራል።

አሁን ወደ መዝገብ ቤቱ ወደ ዳታቤዙ መግባት ያስፈልጋል፤ ቀስ በቀስ እየባሰ የሄደ መዘግየት አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ እዚህ ነውና። አስቀድሞ የሚጠየቀው የትኛው ዳታቤዝ እንደተተከለ ነው። ኤርፍሎው ለሙከራ ሲተከል ኤስኪውላይት የተባለውን፣ በአንድ ፋይል ውስጥ የሚኖር ትንሽ ዳታቤዝ ይጠቀማል። ይህ ዳታቤዝ በአንድ ጊዜ ከአንድ ጸሐፊ በላይ አያስተናግድም፤ የኤርፍሎው አዘጋጆችም ለሙከራ እንጂ ለመደበኛ ሥራ እንዳይውል ያስጠነቅቃሉ። ለሙከራ የተተከለው ሳይለወጥ ወደ ሥራ የገባበት ቢሮ ሌላ ምርመራ ሳያስፈልገው በቅድሚያ ወደ ፖስትግሬስ ወይም ወደ ማይኤስኪውኤል ይዛወር።

በሁለተኛ ደረጃ የሚታየው የመዝገቡ ብዛት ነው። አንድ ድርጅት 40 ሰንሰለቶች፣ በእያንዳንዱም 12 ተግባሮች ቢኖሩትና ሁሉም በየሰዓቱ ቢሠሩ፣ በቀን 11,520 የተግባር መዝገቦች ይጻፋሉ፤ በዓመት 4,204,800 ማለት ነው። ይህ በአንድ ሠንጠረዥ ብቻ ያለው ነው። ስለ እያንዳንዱ ተግባር አጀማመርና አፈጻጸም፣ ስለ ሠራተኞቹ ትእዛዝ፣ ተግባሮቹ እርስ በርሳቸው ስለሚቀባበሉት መልእክት በሌሎች ሠንጠረዦች ይጻፋል። ኤርፍሎው ራሱ ከዚህ አሮጌ መዝገብ አብዛኛውን አያጠፋም፤ ጠባቂው ካላጠፋው ለዘለዓለም ይኖራል። ተግባሮቹ የሚቀባበሉት መልእክት በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። ኤክስኮም የተባለው ይህ መንገድ የታሰበው ለአጭር ቃል ነው፤ ይኸውም የፋይሉ ስም ወይም የደረሰኞቹ ድምር ለመሰለው። ሙሉውን የሽያጭ ዝርዝር በዚህ መንገድ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም ጸሐፊ ዳታቤዙን መጋዘን ያደርገዋል።

አሮጌውን ለማጽዳት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. በወጣው 2.3 በተባለው እትም ውስጥ «ዲቢ ክሊን» የሚባል ትእዛዝ ገብቷል። ትእዛዙ ከተወሰነ ቀን በፊት የተጻፈውን ያነሣል፤ ከማንሣቱም በፊት ምን ያህል እንደሚያነሣ ብቻ እንዲያሳይ ማዘዝ ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን የዳታቤዙ ሙሉ ቅጂ ይወሰድ፤ የሒሳብ ክፍሉና ኦዲተሩም የትኛው መዝገብ ለስንት ጊዜ መቈየት እንዳለበት ይጠየቁ። ማን በየትኛው ቀን የትኛውን ክፍያ እንዳስጀመረ የሚያሳየው ብቸኛ ማስረጃ በዚሁ ሠንጠረዥ ውስጥ ሊሆን ይችላልና፣ ገጹን ለማፍጠን ተብሎ ማስረጃ ማጥፋት ትርፍ አይደለም። እንዲህ ያለው መዝገብ አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ ይገልበጥ።

ጽዳቱ ከተፈጸመ በኋላ ቦታው እንዳልተለቀቀ አይተው የሚደነግጡ አሉ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ትእዛዙ የተነሡትን ረድፎች ካልተከለከለ በቀር በዚያው ዳታቤዝ ውስጥ ወዳለ የማኅደር ሠንጠረዥ ይገለብጣቸዋል፤ ማኅደሩ ለብቻው መወገድ አለበት። ሁለተኛ፣ ፖስትግሬስ አንድ ረድፍ ሲሰረዝ ቦታውን ወዲያው አይለቅም፤ የሞተው ረድፍ በስፍራው ይቀራል። ቫክዩም የተባለው ጽዳት ቦታውን ለአዲስ ጽሕፈት ክፍት ያደርገዋል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ለኮምፒዩተሩ አይመልሰውም። ይህ ጽዳት ራሱ እየተነሣ የሚሠራ ቢሆንም፣ ካልተለወጠ በቀር ከሠንጠረዡ አንድ አምስተኛ ያህሉ እስኪሞት ድረስ ይጠብቃል፤ አምስት ሚልዮን ረድፍ ባለው ሠንጠረዥ ይህ አንድ ሚልዮን ሙት ማለት ነው። ቦታውን በሙሉ የሚመልሰው ሙሉ ቫክዩም ደግሞ እስኪያበቃ ድረስ ሠንጠረዡን ለማንም ይዘጋዋል፤ በሥራ ሰዓት የሚደረግ አይደለም። ከጽዳቱ በኋላ አናላይዝ የተባለው ትእዛዝ እንዲሠራ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ዳታቤዙ በየትኛው መንገድ ቢሄድ መዝገቡን ቶሎ እንደሚያገኝ የሚወስነው ይህ በሚሰበስበው ግምት ነው፤ ግምቱ ያረጀ ከሆነ ትንሹንም ሠንጠረዥ በዝግታ ሊያነበው ይችላል።

የትኛው ጥያቄ ዳታቤዙን እንደሚያደክም በግምት ከመናገር ይልቅ ዳታቤዙ ራሱ እንዲናገር ማድረግ ይቻላል። ፖስትግሬስ ከአንድ ሴኮንድ በላይ የፈጀውን ጥያቄ ሁሉ እየጻፈ እንዲያስቀምጥ ሊታዘዝ ይችላል፤ ይህ ልማድ ሲተከል የተዘጋ ስለሆነ ጠባቂው ራሱ መክፈት አለበት። አንድ ቀን ተከፍቶ ቢውል ከብዙ ሰው አስተያየት የበለጠ ያስረዳል።

የሰንሰለቶቹ ፋይሎች አጻጻፍም የራሱ ድርሻ አለው። በመጀመሪያው ትውልድ ዌብ ሰርቨሩ እነዚህን ፋይሎች ራሱ እየከፈተ ያነብ ስለነበረ ፋይሎቹ ሲበዙ ገጹ በግልጽ ይዘገይ ነበር። ከሁለተኛው ትውልድ ወዲህ ፋይሎቹን የሚያነብ ሌላ ክፍል ሆኖ ውጤቱን በዳታቤዙ ስለሚያስቀምጥ ገጹ ከዚያ ያነባል። ሆኖም በፋይሉ መግቢያ ላይ፣ ከተግባሮቹ ውጭ፣ ከባንክ ወይም ከሌላ ዳታቤዝ መረጃ የሚጠይቅ መሥመር የተጻፈ እንደሆነ፣ ፋይሉ በተነበበ ቍጥር ይህ ጥያቄ ይላካል፤ የንባቡም ልማድ በየ30 ሴኮንዱ ነው። በቀን አንድ ጊዜ የሚያስፈልግ የምንዛሪ ተመን በቀን 2,880 ጊዜ ይጠየቃል ማለት ነው። ሠራተኛው በፋይሉ ያደረገው ለውጥ በገጹ ላይ ቶሎ አልታይ ቢለው፣ ዌብ ሰርቨሩን ከመውቀሱ በፊት ይህን ይመርምር።

የተግባሮቹን ዝርዝር ማስታወሻ የሚያሳየው ገጽ ብቻ ዘግይቶ ሌላው ሁሉ ፈጣን የሆነ እንደሆነ፣ ነገሩ ከዳታቤዙ ጋር ግንኙነት የለውም። ማስታወሻው የሚመጣው ተግባሩን ከፈጸመው ኮምፒዩተር ወይም በኪራይ ከተያዘ ማከማቻ ነው፤ ፋይሉ ትልቅ ከሆነ መዘግየቱ አይቀርም። እያንዳንዱን ደረሰኝ በማስታወሻው ላይ የሚያትም ፕሮግራም ድምሩን ብቻ እንዲያትም ቢደረግ ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ ምርመራ በፊት ትልቅ ኮምፒዩተር የሚገዛ ድርጅት ጥቂት ጊዜ እፎይ ይል ይሆናል። የማስታወሻ ኃይሉ የበዛ ኮምፒዩተር ያልጸዳውን ሠንጠረዥ በፍጥነት ያነበዋል፤ ሠንጠረዡ ግን በየዓመቱ አራት ሚልዮን ረድፍ መጨመሩን አይተውም። ግዢ ተገቢ የሚሆነው መዝገቡ ጸድቶ፣ የዳታቤዙ ግምት ታድሶ፣ የገጹ ማደሻ ጊዜ ረዝሞ፣ ከዚያም በኋላ የሰርቨሩ ኃይል በሥራ ሰዓት ሙሉ በሙሉ ተይዞ ሲገኝ ነው። ልኬቱም ከጽዳቱ በፊትና በኋላ በአንድ ዓይነት ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት ገጽ መወሰድ አለበት፤ የሰኞ ጧትን ከቅዳሜ ከሰዓት ጋር ያስተያየ ሰው ምንም አላስተያየም።

ወደ ሦስተኛው ትውልድ ለመሻገር ያሰቡ ድርጅቶች ጽዳቱን ከመሻገሩ በፊት ቢያደርጉት ይጠቅማቸዋል። በመሻገሪያው ጊዜ የዳታቤዙ ሠንጠረዦች ቅርጽ ይለወጣል፤ የለውጡም ርዝመት በረድፎቹ ብዛት መጠን ነው። በጥቂት ደቂቃ ሊያልቅ የሚችለው ሥራ ለዓመታት ባልተነካ መዝገብ ላይ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ በእነዚያም ሰዓታት ሰንሰለቶቹ ሁሉ የቆሙ ናቸው። ስለዚህ ቅጂው ዓርብ ማታ ተወስዶ፣ ጽዳቱ ቅዳሜ ተፈጽሞ፣ መሻገሩ እሑድ ቢደረግ፣ የሰኞው የክፍያ ዝርዝር ሳይስተጓጐል በሰዓቱ ለመውጣት ይችላል።